ሌክቸር ቀርጾ ቴሌግራም ላይ መጫን ቱቶሪያል ይባላል?

ክፍል፦ መማር ማስተማር / ጅማ

መምህር ከጅማ (ርዕሱን የከፈተው)

ሰላም እንዴት ናችሁ? ጅማ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ አስተምራለሁ። በዚህ ሴሚስተር "ኦንላይን ቱቶሪያል አዘጋጁ" ተብለናል። መመሪያው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ክፍል ውስጥ የምታስተምሩትን ቅረጹ፣ ቻናሉ ላይ ልቀቁ፣ አለቀ።

እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ልንገራችሁ፣ እናንተም ከልምዳችሁ ጨምሩበት።

የአንድ ሰዓት ሌክቸር የተሠራው ለክፍል ነው። ክፍል ውስጥ ፊታቸውን አያለሁ። ግራ ሲገባቸው እመለሳለሁ። አንዱ ይጠይቃል፣ ስመልስለት ሌላውም አብሮ ይገባዋል። ያንኑ ቀርጬ ስልካቸው ላይ ስልከው ይሄ ሁሉ የለም። የሚቀረው የእኔ ድምፅና ከሩቅ የሚታይ ሰሌዳ ነው። ተማሪው መሀል ላይ ቢጠፋበት የሚመልሰው ሰው የለም። ቻናሉ ላይ ይሄን ያህል ሰው አየው የሚል ቁጥር ይመጣል። አየው ማለት ግን ተማረው ማለት አይደለም።

ለእኔ ቱቶሪያል ማለት ተማሪው ጨርሶ ሲነሳ ትናንት የማይችለውን አንድ ነገር መሥራት የሚችልበት ነው። "የመድኃኒት ስሌትን ይረዳል" አይበቃኝም። "የአይቪ (በደም ሥር የሚሰጥ) ፈሳሽ ትእዛዝ ሲሰጠው በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚሄድ ያለ ካልኩሌተር ያወጣል" ይሻላል። ይሄን አስቀድሜ ካልጻፍኩ ምን ማስገባት፣ ምን መጣል እንዳለብኝ አላውቅም። አብዛኛው ቪዲዮ የሚንዛዛውም አዘጋጁ የት ሊያደርስ እንዳሰበ ሳይወስን ስለሚጀምር ይመስለኛል።

ጅማ ወይም ዙሪያዋ የምታስተምሩ፣ የምትማሩ፣ ምን ሠራላችሁ? ምንስ አልሠራም?

---

ኪቶ ፉርዲሳ

መምህር፣ ጥሩ ርዕስ ነው ያነሳኸው። እኔ ኢንጂነሪንግ በኩል ነኝ፤ ከይዘቱ በፊት ስለ ክብደቱ ልናገር። ምክንያቱም ያልወረደ ቪዲዮ ማንንም አያስተምርም።

ሒሳቡን አብረን እናስላው። በሰከንድ 2,500 ኪሎቢት የሚሄድ ጥራት ያለው ቪዲዮ አሥር ደቂቃ ከሆነ ወደ 188 ሜጋባይት ይመጣል። ያንኑ ወደ 300 ኪሎቢት ብታወርደው 22 ሜጋባይት ተኩል ነው። ሰሌዳና ጽሑፍ ብቻ ለሚታይበት ቪዲዮ ልዩነቱ ለዓይን ብዙ አይደለም። ለኪስ ግን ትልቅ ነው። ሃንድብሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሄን ይሠራልሃል። ስክሪን ለመቅዳት ኦቢኤስ አለ፣ እሱም ነፃ ነው።

ድምፁን ግን አትጨክንበት። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ተማሪ ይታገሣል። ድምፁ ከተንኮሻኮሸ ወይም ካስተጋባ ወዲያው ይዘጋዋል። ጅማ ደግሞ ዝናቡን ታውቀዋለህ። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትቅዳ። መጋረጃና ፍራሽ ያለበት ትንሽ ክፍል ከባዶ የመማሪያ ክፍል ይሻላል። ማይክ የለኝም ካልክ የስልክህ ጆሮ ማዳመጫ ላይ ያለው በቂ ነው።

ሌላው የፊደል መጠን ነው። ላፕቶፕህ ላይ ደስ የሚል ስላይድ ስልክ ላይ ጉንዳን ይሆናል። ሠርተህ ስትጨርስ በራስህ ስልክ ክፈተውና በተዘረጋ ክንድ ርቀት ያዘው። ማንበብ ካቃተህ ተማሪህንም ያቅተዋል።

---

ሦስተኛ ዓመት ነርሲንግ

ሰላም ቲቸር። ተማሪ ነኝ፣ እኛ በትክክል እንዴት እንደምናየው ልንገርዎ።

መጀመሪያ ነገር ከላይ እስከ ታች አናይም። ፈተና ሊደርስ ሲል ነው የምንከፍተው። የምንፈልገው ደግሞ አንድ ቦታ ነው፣ ያልገባን ቦታ። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ ያንን ለማግኘት በጣት ወደ ፊት ወደ ኋላ ስንጎትት ሃያ ደቂቃ ያልፋል። ከዚያ ሰልችቶን ሃንድአውት እንመለሳለን።

ሁለተኛ የፋይሉ ስም። ይሄን ማንም አያስብበትም። የሚላክልን "ቪዲዮ" የሚልና ረጅም ቁጥር ያለበት ነው። ስልኬ ላይ እንዲህ ዓይነት ፋይል መዓት አለ። የትኛው ፋርማኮሎጂ፣ የትኛው የልጆች ነርሲንግ እንደሆነ ከፍቼ ካላየሁ አላውቅም። ስሙ ላይ ኮርሱን፣ ርዕሱንና ተራ ቁጥሩን ቢጽፉልን ግማሽ ሥራው አለቀ ማለት ነው።

ሦስተኛ ዳታ ሁላችንም አንገዛም። ዶርም ውስጥ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቻችን ከእሷ በሼርኢት እንወስዳለን። ስለዚህ ቪዲዮው ውስጥ "ከታች ያለውን ሊንክ ተጫኑ" ሲባል እኛ ጋ ሊንክ የሚባል የለም። ፋይሉ ብቻ ነው የደረሰን። ጥያቄውም ማብራሪያውም እዚያው ቪዲዮው ውስጥ ይሁን።

---

ነባር አስተማሪ

ሁላችሁንም አነበብኩ። ቅር የሚለኝን ሳልደብቅ ልናገር።

አሁን ፋሽኑ አጭር፣ አጭር፣ አጭር ነው። አምስት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። በዚህ ከቀጠልን ረጅም ነገር ቁጭ ብሎ መከታተል የማይችል ትውልድ እናወጣለን። ነርስ ማለት እኮ አሥራ ሁለት ሰዓት ዋርድ ውስጥ ቆሞ የሚያድር ሰው ነው። መጽሐፍ እንደልብ በሌለበት አገር የመምህሩ ሙሉ ሌክቸር ሀብት ነው። ቆራርጣችሁ አትጣሉት። ጉረሱ ተብሎ የተሰጠ ትምህርት ከአፍ አያልፍም።

---

መምህር ከጅማ

ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ሙሉውን ሌክቸር ጣሉት አላልኩም። እሱም ይቀመጥ፣ ለሚፈልገው። ግን ቱቶሪያሉ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ርዝመት በጥናት የተባለውን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኤድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ ላይ የነበሩ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምሮ ነበር። ቪዲዮው ምንም ያህል ይርዘም፣ መካከለኛው ተመልካች የሚቆየው ቢበዛ ስድስት ደቂቃ ያህል ነው የሚል ነው ውጤቱ። እነዚያ በነፃ ኮርስ የተመዘገቡ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። የእኛ ተማሪ ፈተና ስላለበት ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ስድስትን እንደ ሕግ አልይዘውም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳምነኝ ሜየርና ቻንድለር የሚባሉ ተመራማሪዎች ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2001። መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያሳይ 140 ሰከንድ የሆነች አኒሜሽን ወሰዱ። ለአንዱ ቡድን ሳያቋርጡ አሳዩት። ለሌላው በ16 ቁራጭ ከፍለው "ቀጥል" የሚል ቁልፍ ሰጡት። ይዘቱ ያው ነው፣ አንዲት ቃል አልተቀነሰችም። የተማሩትን አዲስ ችግር ላይ በማዋል በኩል በራሱ ፍጥነት የሄደው ቡድን በለጠ። ጥቅሙ የመጣው ተማሪው አንዱን ሳይውጥ ሌላው ስላልተደፋበት ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ መቆራረጥ ትምህርቱን ማቅለል አይደለም። ከባድ ነገር ነው መተንፈሻ የሚፈልገው።

---

ሲስተር ማታ ተረኛ

እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። የልምምድ ተማሪዎች ይመጡብኛል። ጎበዞች አሉ፣ ቀመሩን እንደ ውሃ ይጠጡታል። ግን ግሉኮስ ሰቅለሽ "በይ አስተካክይው" ስትያት እጇ የት እንደሚሄድ አታውቅም። የመቆጣጠሪያዋን ጎማ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች እንደምትገፋ አታውቅም። ጠብታ ስትቆጥር ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው፣ ወይ ጠብታው ላይ ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ማየት መለማመድ ይፈልጋል።

መምህር፣ ቱቶሪያልህ ውስጥ ስላይድ ብቻ አታድርግ። ጠብታ የሚታይበትን ክፍል ካሜራውን አስጠግተህ ቅረጸው። የእጅ ሰዓት አጠገቡ ያዝበት። ተማሪዋ ቪዲዮውን እያየች ራሷ ትቁጠር። ከዚያ መልሱን ንገራት። ይሄ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ስንት ቀን ዋርድ ላይ የምናስረዳውን ያስቀራል።

አደራ ታካሚ አትቅረጹ። ፊት ባይታይም አትቅረጹ። ስኪል ላብ (የልምምድ ክፍል) ውስጥ ባዶ ባልዲ ላይ እየፈሰሰ ይቀረጽ።

---

መምህር ከጅማ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄ በጭራሽ አልታየኝም ነበር፣ አስገባዋለሁ። አሁን የመጀመሪያውን ክፍል እንዴት እንደማዋቅረው ልዘርዝርላችሁ፣ ስሕተቱን ንቀሱልኝ።

ሰላምታ የለም፣ የኮሌጁ ዓርማ የሚሽከረከርበት መግቢያ የለም። ሲጀምር የሐኪም ትእዛዝ ይታያል፦ 1,000 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት ይሂድ። የያዝሽው የአይቪ ሴት (set፣ ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) በአንድ ሚሊሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ነው። በደቂቃ ስንት?

ከዚያ እኔ እሠራዋለሁ። ጮክ ብዬ እያሰብኩ። መጀመሪያ 8 ሰዓትን ወደ ደቂቃ፣ 480። ቀጥሎ 1,000 ሚሊሊትር ስንት ጠብታ ነው? 20,000። 20,000 ለ480 ሲካፈል 41.67፣ ማለትም 42 ጠብታ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ነው፣ ማብራሪያው በድምፅ ነው። የምናገረውን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ስክሪኑ ላይ ከለጠፍኩት ተማሪው እያነበበ እኔን አይሰማም፣ እየሰማኝ አያነብም። ሜየርም ሆነ ሌሎች ደጋግመው ያሳዩት ይሄንኑ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ፦ 500 ሚሊሊትር በ6 ሰዓት፣ 15 ጠብታ በሚሰጥ ሴት። እዚህ ላይ እስከ 7,500 ለ360 አደርሳለሁ፣ የመጨረሻውን ለእነሱ እተወዋለሁ። "ቪዲዮውን አቁሙና ሥሩ" ብዬ ባዶ ስክሪን አቆያለሁ። መልሱ 21።

ሦስተኛው ላይ ጥያቄው ብቻ ነው ያለው። ለሕፃን 100 ሚሊሊትር በ2 ሰዓት፣ 60 ጠብታ በሚሰጠው ማይክሮ ሴት። መልሱ 50። እዚህ ጋ አንድ ነገር አሳያቸዋለሁ። በ60 ጠብታ ሴት ላይ የደቂቃው ጠብታና የሰዓቱ ሚሊሊትር ሁልጊዜ እኩል ነው። 60ው ከ60 ደቂቃ ጋር ይጣፋል። ይሄን ራሳቸው ቢያገኙት ደስ ይለኛል፣ ስለዚህ ወዲያው አልናገርም።

ከሁሉ በላይ የደከምኩበት የምርጫ ጥያቄው ነው። ለመጀመሪያው ምሳሌ አራት ምርጫ አለ፦ 2፣ 42፣ 125፣ 2,500። የተሳሳቱት በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም። 2 የመለሰው ጠብታውን ረስቶ ሚሊሊትር በደቂቃ ነው ያወጣው። 125 የመለሰው ሚሊሊትር በሰዓት አወጣ። 2,500 የመለሰው ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አልቀየረም። እያንዳንዱ ስሕተት የራሱ መልስ ይኖረዋል። "ተሳስተሃል፣ እንደገና ሞክር" ማለት ለማንም አይጠቅምም። 2,500 ላለችው የምላት ይሄን ነው፦ በደቂቃ 2,500 ማለት በሰከንድ ከአርባ በላይ ነው፣ ማን ይቆጥረዋል? ሰዓቱን ተመልከቺ።

ይሄ ልማድ ከቀመሩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ያወጡትን ቁጥር "ይሄ ሊሆን ይችላል ወይ?" ብሎ መጠየቅ። ነርስ ስትሳሳት የሚጎዳው ሰው ነውና።

---

ጅሬን ማዶ

መምህር፣ አወቃቀሩ ግሩም ነው። የቋንቋውን ነገር ግን ማንም አላነሳውም።

እዚህ ግማሹ ክፍል አፋን ኦሮሞ ነው የሚያስብበት። ሌላው አማርኛ። ፈተናው እንግሊዝኛ ነው። ቱቶሪያሉን በእንግሊዝኛ ብቻ ብታደርገው በፈረንጅ አፍ የተቀዳ ሃንድአውት ይሆናል። በአማርኛ ብቻ ካደረግከውም ከሰቃ፣ ከማና፣ ከዴዶ የመጡ ልጆች ይከብዳቸዋል።

እኔ እንዲህ ብታደርግ እላለሁ። ምስሉ አንድ ይሁን፣ ቁጥርና ሥዕል ብቻ ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል። ድምፁን ሁለት ጊዜ ቅዳ። አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በአፋን ኦሮሞ። ፈተና ላይ የሚመጡት የሙያ ቃላት በሁለቱም በእንግሊዝኛ ይቆዩ፣ ካልሆነ ጥያቄውን ሲያዩ ይደናገጣሉ። አፋን ኦሮሞውን አጥርቶ የሚናገር ጎበዝ ተማሪ ከክፍልህ አታጣም። እሱም በማስረዳቱ ይማራል።

---

ላይብረሪ ውስጥ ነኝ

እኔ ስለ ድግግሞሽ ልጨምር። ተማሪ ሆኜ ሁልጊዜ ማርከሬን ይዤ ደጋግሜ አነብ ነበር። አሁን የማስጠናቸው ልጆችም ያንኑ ነው የሚያደርጉት።

ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን ከፋፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አራቱንም የጥናት ክፍለ ጊዜ አነበበ። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ አንብቦ በሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበበው 40 በመቶ፣ ራሱን የፈተነው 61 በመቶ አስታወሰ።

ስለዚህ መምህር፣ ቱቶሪያሉ የሚያልቀው ቪዲዮው ሲያልቅ አይሁን። ቴሌግራም ላይ ያለውን የኩዊዝ ምርጫ ተጠቀምበት፣ ማብራሪያ መጻፊያም አለው። ዛሬ ቪዲዮውን ልቀቅ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሁለት ጥያቄ ጣል። ከሳምንት በኋላ ቁጥሩን ቀይረህ እንደገና። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሆኗል፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ዓመቱን ነገር በመጨረሻው ወር እንደ አዲስ ከመጀመር ይሄ ይሻላል።

---

ሦስተኛ ዓመት ነርሲንግ

የኩዊዙን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ማን ምን እንደመለሰ የማይታይ ይሁን። ስማችን ከታየ የማናውቀው አንሞክርም፣ ጎበዟ ስትመልስ ጠብቀን ያንኑ እንጫናለን። ግሩፕ ላይ "አልገባኝም" ብሎ መጻፍም ለብዙዎቻችን ሞት ነው፣ በተለይ ለሴቶች። ስም ሳይታይ ግን ሁሉም የመሰለውን ይመልሳል። እርስዎም ስንቱ 125 ላይ እንደወደቀ ያያሉ።

ደግሞ ነጥብ ባይያዝበት። ነጥብ ያለው ነገር ላይ መማር ትተን መልስ ፍለጋ ነው የምንሄደው።

---

ነባር አስተማሪ

አሁን ነገሩ እየገባኝ መጣ። ያቺ አራት ምርጫ ያላት ጥያቄ በጣም ጥሩ ናት። እንዲህ ከሆነ ጉረሱ የሚባል አይደለም፣ ተማሪው ራሱ እያኘከ ነው።

አንድ ነገር ግን አልተውም። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሲዘጋ ምን ይዞ ይቀራል? ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር። ሦስቱ ምሳሌዎች፣ መሥሪያ ባዶ ቦታ፣ ከጀርባው መልስ። ፎቶ ኮፒ ቤት በርካሽ ይባዛል። አጋሮ ወይም ሸቤ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ሲወጡም ኪሳቸው ውስጥ ይሄዳል።

---

ኪቶ ፉርዲሳ

ከመልቀቅህ በፊት አንድ ነገር ሞክር መምህር። ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ አንድ በአንድ አጠገብህ አስቀምጥ። ቪዲዮውን በራሳቸው ስልክ ይክፈቱ። አንተ ዝም በል። ይሄ ከባዱ ክፍል ነው፣ መምህር ዝም ማለት አይወድም። የት እንዳቆሙ፣ የት ወደ ኋላ እንደመለሱ፣ የት ፊታቸው እንደተቋጠረ ብቻ ጻፍ። እኛ ሶፍትዌር ስንሠራ እንዲህ ነው የምናደርገው። ትልልቆቹ ችግሮች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ይወጣሉ። ብዙ ሰው አያስፈልግም።

በጣም ጎበዟን አትምረጥ። እሷ የተበላሸ ቱቶሪያልም ይገባታል።

---

መምህር ከጅማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የያዝኩትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ክፍል ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም፣ በሦስት ፋይል ተከፍሎ፣ ስሙ ላይ ኮርስ፣ ርዕስና ተራ ቁጥር ተጽፎበት። የሲስተር የጠብታ ቀረጻ በስኪል ላብ ይሠራል። ድምፁ በሁለት ቋንቋ። ወረቀቱ ከቪዲዮው ጋር አብሮ ይወጣል። ኩዊዙ ስም የማይታይበት፣ ነጥብ የሌለው።

የአራት ክፍል ዕቅድ ነበረኝ። አሁን ይሄ አንዱ በደንብ ካልሠራ ሁለተኛውን አልጀምርም።

ሦስተኛ ዓመት፣ ኮሌጃችን አንድ ባይሆንም ቅዳሜ አንዲት ጓደኛሽን ይዘሽ ብትመጪ ኪቶ እንዳለው አጠገባችሁ ተቀምጬ ባይ ደስ ይለኛል። ስሌት የሚከብዳት ብትሆን ጥሩ ነው።

---

ሦስተኛ ዓመት ነርሲንግ

እሺ ቲቸር። ከሰዓት ክሊኒካል አለብን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሁን። ጓደኛዬም እሺ ብላለች፣ የእሷ ስልክ የቆየ ስለሆነ እሱም ይታይ።

---

ሲስተር ማታ ተረኛ

ቅዳሜ ጠዋት ከተራ ወጥቼ መምጣት እችላለሁ። መምህር፣ በ20 እና በ60 ጠብታ የሚሠሩትን ቱቦዎች ሁለቱንም አምጣ፤ ጎን ለጎን ሰቅለን ልዩነቱ ይቀረጽ።